የሚንቀጠቀጥ እጅ ይረፍ ወይስ ይሥራ?

ምንባብ፦ ዘጸአት 17፥8-13፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 4፥7-18



በየማኅበራችን ካሉት አረጋውያን መካከል እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፥ እርምጃቸው ያጠረ፥ ድምፃቸው የሰለለ፥ ደስታቸውም ሆነ ኀዘናቸው እንደ ቀድሞው በፊታቸው የማይታይ አሉ። ይህን ሁሉ ብዙ ጊዜ «እርጅና ነው» ብለን እናልፈዋለን። አንዳንዶችም ከእርግማን ወይም ከክፉ ዓይን የመጣ ነው ይላሉ። ከእነዚህ አረጋውያን አንዳንዶቹ ግን ሐኪሞች የፓርኪንሰን ሕመም በሚሉት ደዌ የተያዙ ናቸው። ደዌው ከሽምግልና አስቀድሞ የሚይዛቸውም አሉ። ፈጽሞ የሚፈውስ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘለትም፤ ይሁን እንጂ ሐኪሞች ሕመምተኛውን «ተቀምጠው አይዋሉ፤ ይራመዱ፤ ሰውነትዎን ያሠሩ» ይሉታል።

ይህ ምክር ወደ ቤት ሲገባ ግን ክርክር ያስነሣል። ሕመምተኛው «ላልድን ስለ ምን እደክማለሁ?» ይላል። ጸሎት የሚወድ ጎረቤት «እግዚአብሔርን በእምነት መጠበቅ አይሻልምን?» ይላል። ልጆቹም «አባታችን ዕድሜያቸውን ሁሉ ለፍተው አሳደጉን፤ አሁን ታመው ሳሉ እንዴት እናስለፋቸዋለን?» ይላሉ። ከሦስቱ አንዱም በክፋት የተናገረ የለም። ስለዚህ ነገሩ የሐኪም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእምነትና የፍቅር ጥያቄ ነው። እኛም በእግዚአብሔር ቃል ብርሃን ልንመረምረው ይገባናል።

አስቀድመን ደዌው ምን እንደ ሆነ እንወቅ። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1817 ዓ.ም. ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ የለንደን ሐኪም ስለሚያንቀጠቅጥ ሽባነት አንድ አጭር መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ የገለጻቸው ሕመምተኞች ስድስት ብቻ ነበሩ፤ አንዳንዶቹንም ያያቸው በመንገድ ላይ ሲያልፉ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ደዌው በእርሱ ስም ተጠራ። ሥሩም በአንጎል ውስጥ ነው። በአንጎል ጥልቅ ስፍራ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚሠሩ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ዶፓሚን አንጎል እንቅስቃሴን እንዲጀምርና እንዲያስተካክል የሚረዳ መልእክተኛ ነው፤ ስለዚህ መልእክተኛው ሲያንስ እጅና እግር ትእዛዝ ይጓደልባቸዋል። ስዊድናዊው ሊቅ አርቪድ ካርልሶን በ1950ዎቹ ዓመታት ዶፓሚን በአንጎል ውስጥ የራሱ ሥራ እንዳለው አሳየ፤ በ2000 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱም እርሱ ነው። በ1960ዎቹም ሌቮዶፓ የሚባለው መድኃኒት ለሕመምተኞች ይሰጥ ጀመር። ይህ መድኃኒት በአንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል፤ ዛሬም ዋነኛው መድኃኒት እርሱ ነው። ሆኖም ሕመሙን ያቀላል እንጂ ከሥሩ አይነቅለውም።

ደዌው በአንጎል ውስጥ የተሰወረ ቢሆንም ምልክቱ በገበታና በመንገድ ላይ ይታያል። እጅ ሥራ ፈቶ ሳለ ይንቀጠቀጣል፤ ከቶ የማይንቀጠቀጥም ሕመምተኛ አለ። ጡንቻ ይገተራል፤ እንቅስቃሴ ይዘገያል፤ ጽሕፈት እየደቀቀ ይሄዳል፤ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ረጅም ሥራ ይሆናል። ሰውየው በበር ሲያልፍ ወይም ሊዞር ሲል እግሩ በመሬት ላይ የተተከለ ያህል ድንገት ይቆማል። የሆድ ድርቀት፥ የእንቅልፍ መታወክና የልብ መጨለምም አብረው ይመጣሉ። ጎረቤት ግን ይህን ሁሉ በሌላ ይተረጉመዋል። ፊቱ ስለማይፈታ «ኰርቶአል» ይባላል፤ ሲንገዳገድ «ጠጥቶአል» ይባላል። ስኒው በእጁ ላይ ስለሚፈስ ከሰው ጋር ቡና መጠጣት ያፍራል፤ ከገበታም ይርቃል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ዓ.ም. በዚህ ደዌ የተያዙት ሰዎች ከ8 ሚሊዮን ተኩል እንደሚበልጡ ገምቶአል። እንግዲህ ደዌው የአንድ ቤት እርግማን አይደለም፤ በሕዝቦች ሁሉ መካከል ያለ የሥጋ ድካም ነው።

እንቅስቃሴስ ምን ይጠቅማል? በ2012 ዓ.ም. በአሜሪካ 195 ሕመምተኞች የተካፈሉበት ምርመራ ታተመ። ከእነርሱ አንዱ ክፍል ታይ ቺ የተባለውን የቻይናውያን ቀስተኛ የሰውነት ልምምድ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለስድስት ወር ያህል አደረገ፤ እነዚህም ሰውነታቸውን በመሳብና በማፍታታት ብቻ ከተለማመዱት ይልቅ ሚዛናቸው ጸና፤ መውደቃቸውም አነሰ። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ በኔዘርላንድ 130 ሕመምተኞች የተካፈሉበት ሌላ ምርመራ ታተመ። እኩሌቶቹ በቤታቸው በአንድ ቦታ በቆመ ብስክሌት ላይ በሳምንት ሦስት ጊዜ፥ በእያንዳንዱም ጊዜ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ድረስ፥ ለስድስት ወር ነዱ። የእነርሱ የእንቅስቃሴ ችግር ቀላል ማፍታታት ብቻ ካደረጉት ይልቅ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ልምምድ ደዌውን ራሱን ያቆመዋል ተብሎ ገና አልተረጋገጠም፤ ነገር ግን ያለውን ኃይል እንደሚጠብቅና እንደሚያበረታ በእነዚህና በሌሎችም ምርመራዎች ታይቶአል።

ከዚህም የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በ2010 ዓ.ም. የኔዘርላንድ ሐኪሞች ስለ አንድ የ58 ዓመት ሰው ጻፉ። ይህ ሰው ለ10 ዓመት ታሞ ጥቂት እርምጃ እንኳ በጭንቅ የሚራመድና የሚወድቅ ሲሆን፥ ብስክሌት ላይ ሲወጣ ግን እንደ ጤነኛ ይነዳ ነበር። እግሮቹ አልሞቱም ነበር ማለት ነው፤ የጎደላቸው የሚያስነሣቸው ጥሪ ነበር። ስለዚህም እግሩ የተያዘበት ሕመምተኛ በመሬት ላይ የተሰመረ መስመር ሲያይ፥ «አንድ፥ ሁለት» ብሎ ሲቆጥር፥ ወይም የመዝሙር ምት ሲሰማ ብዙ ጊዜ እርምጃው ይፈታለታል። ከልጅነታችን ጀምሮ በጉባኤ የምንዘምራቸው መዝሙሮች ለነፍስ ብቻ ሳይሆን ለተያዘ እግርም እንዲህ ያለ አገልግሎት እንዳላቸው ስናውቅ ፈጣሪን እናመሰግናለን።

አሁን ወደ ሦስቱ ተናጋሪዎች እንመለስ።

በመጀመሪያ፥ እምነትን ምክንያት ለሚያደርገው ጎረቤት የምንመልሰው ይህን ነው። ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም ሰማው፤ ዕድሜም እንደሚጨምርለት በነቢዩ አፍ ተስፋ ሰጠው። ይህን ተስፋ የተናገረው ያው ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያኖሩ አዘዘ (2ኛ ነገ. 20፥1-7)። ተስፋውና ጥፍጥፉ አልተጣሉም። እጁ የሰለለችውንም ሰው ጌታችን በፈወሰው ጊዜ እጁን እንዲዘረጋ አዘዘው (ማር. 3፥1-5)። ኃይሉ የጌታ ነበረ፤ የተዘረጋው እጅ ግን የሰውየው ነበረ። ጳውሎስ የሥጋ ልምምድ የሚጠቅመው ለጥቂት ነው ማለቱን (1ኛ ጢሞ. 4፥8) የሚጠቅሱብን አሉ። እውነት ነው፤ እግዚአብሔርን መምሰል ይበልጣል። ነገር ግን ጥቂት ይጠቅማል ማለት ከቶ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ጥቂቷን ስጦታ የናቀ ሰው ትልቁን ስጦታ እንዳከበረ አይቆጠርለትም። የሚራመድ ሕመምተኛ ከጸሎት አልራቀም፤ እየተራመደ ሊጸልይ ይችላል።

ሁለተኛ፥ «ላልድን ስለ ምን እደክማለሁ?» ለሚለው ወንድማችን የምንመልሰው በእርጋታ ይሁን፤ ቃሉ ከስንፍና ሳይሆን ከኀዘን የወጣ ነውና። ወንድማችን ሆይ፥ ዛሬ የተበላ እንጀራ የነገን ረኃብ አያስቀርም፤ ሆኖም ከንቱ ነው ብሎ መብላት የሚተው የለም። የዕለት እንጀራችንን ለዕለቱ እንደምንለምን፥ የዕለቱን ኃይል ለዕለቱ እንቀበላለን። ዛሬ ከወንበር ተነሥቶ እንግዳን መቀበል፥ ዛሬ የልጅ ልጅን እጅ ይዞ እስከ ደጅ መሄድ፥ ዛሬ ቁልፍን በራስ እጅ መቆለፍ የዛሬ ስጦታ ነው። ነገ መቀነሱ የዛሬውን ስጦታ አያረክሰውም።

በዚህም ነገር አባታችን ሉተር በ1520 ዓ.ም. ስለ ክርስቲያን ነጻነት በጻፈው መጽሐፍ ያስተማረው ይረዳናል። ሰው በእምነት ብቻ ይጸድቃል፤ ሆኖም በዚህ ምድር ሳለ በሥጋ ይኖራልና ሥጋውን ሊገዛና በእርሱም ባልንጀራውን ሊያገለግል ይገባዋል። ሥራው ጽድቅን አይገዛም፤ ከተሰጠው ጽድቅ ግን ይፈልቃል። እንዲሁም ሕመምተኛው የሚራመደው በእርምጃው ፈውስን ሊገዛ አይደለም፤ በእግዚአብሔር ፊት ያለው ክብር በእርምጃው ብዛት አይለካምና። የሚራመደው ይህ ሥጋ የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆነ ነው። ጳውሎስ የውጭው ሰውነት ሲጠፋ የውስጡ ዕለት ዕለት እንደሚታደስ ጽፎአል (2ኛ ቆሮ. 4፥16)፤ ይህን የጻፈው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በሸክላው ዕቃ እስከ መጨረሻው አገለገለበት።

ሦስተኛ፥ ለልጆችና ለቤተ ሰብ የምንለው ነገር ከሁሉ የከበደ ነው፤ በአገራችን ልማድ ላይ የሚነካ ስለ ሆነ። እኛ ደገኞች ሽማግሌ ሲገባ «ኖር» ብለን እንነሣለን፤ የክብር ስፍራ እንሰጣለን፤ እጅ እናስታጥባለን። ይህ መልካም ነው፤ እግዚአብሔርም ሽበትን እንድናከብር አዞናል። ነገር ግን አባት በታመሙ ጊዜ «አባባ፥ እርስዎ ይቀመጡ፤ እኛ እናደርገዋለን» ስንል፥ ጋቢ ደርበን ከግድግዳ ጥግ ስናስቀምጣቸው፥ ውሃውን ስናጠጣቸው፥ ነገራቸውን ስንናገርላቸው፥ በደዌው ላይ ደዌ እንጨምራለን። ያልሠራ ጡንቻ ይከሳል፤ ያልተናገረ ድምፅ ይጠፋል፤ የማይነሣ እግር መነሣትን ይረሳል። ከዚህም ጋር ሰውየው በቤቱ የነበረውን ቦታ ያጣል፤ ትናንት አባወራ የነበረ ዛሬ የተቀመጠ ዕቃ ይሆናል።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። የአባታችንን ቁልፍ ፈጥነን የምንቆልፍላቸው ለእርሳቸው አዝነን ነውን ወይስ ለመጠበቅ ትዕግሥት አጥተን? አንድ ቁልፍ ለመቆለፍ ብዙ ደቂቃ የሚወስድባቸውን አባት ቆሞ መጠበቅ ቆልፎ ከመሄድ ይከብዳል። ቀስ ብላ የምትለቅምን እናት እህሉን ቀምቶ ለቅሞ መጨረስ ይቀላል። ብዙ ጊዜ ፍቅር የሚል ስም የምንሰጠው የገዛ ራሳችንን ችኮላ ነው። የካቴኪዝማችን አምስተኛው ትእዛዝ ባልንጀራችንን በሥጋው እንዳንጎዳ ብቻ ሳይሆን በሥጋው ችግር ሁሉ እንድንረዳውም ያስተምረናል። እርዳታ ማለትም ዘወትር በእርሱ ፈንታ መሥራት አይደለም።

ይህን ከሙሴ ታሪክ እንማር። ከአማሌቅ ጋር ሰልፍ በሆነበት ቀን የሙሴ እጆች ከበዱ። አሮንና ሖር ሙሴን ወደ ድንኳኑ ሄዶ እንዲተኛ አላሰናበቱትም፤ በእርሱ ፈንታም የራሳቸውን እጅ አላነሡም። የሚቀመጥበት ድንጋይ አመጡለት፤ እጆቹንም ከግራና ከቀኝ ደገፉ፤ ፀሐይም እስክትገባ ድረስ የተነሡት የሙሴ እጆች ነበሩ። ክርስቲያናዊ እርዳታ ይህ ነው፤ ድንጋዩን እናቀርባለን፥ እጁን እንደግፋለን፥ እስከ ማታም አብረን እንቆማለን፤ ሥራውን ግን አንነጥቀውም።

ነገር ግን በሌላ በኩል ያለውን ገደል ደግሞ ማሳየት ይገባናል። እንቅስቃሴን ሕግ አድርገን በደካማው ጫንቃ ላይ እንዳንጭን እንጠንቀቅ። አንዳንድ ቀን መድኃኒቱ አይሠራም፤ ሰውነት እንቢ ይላል፤ በትጋት የሚለማመደውም ቢሆን ከዓመት ወደ ዓመት ሊደክም ይችላል። በዚያን ጊዜ «ስላልተራመድህ ነው የባሰብህ» የሚል ሰው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ስለ ዕውሩ የማን ኃጢአት ነው ብለው እንደ ጠየቁት ሰዎች ነው፤ ጌታችንም እንዲህ ያለውን ክስ አልተቀበለም። አሜሪካዊው ቦክሰኛ ሙሐመድ ዓሊ በዘመኑ ከነበሩት ሰዎች በሰውነት ብርታት የታወቀ ነበረ፤ ሆኖም በ1984 ዓ.ም. ይህ ደዌ እንዳለበት በሐኪሞች ታወቀ። በ1996 ዓ.ም. በአትላንታ የኦሎምፒክን እሳት በሚንቀጠቀጥ እጁ ሲለኩስ ዓለም ሁሉ አየው። ብርቱ ሰውነት ደዌውን አላስቀረለትም፤ የሚንቀጠቀጥ እጅም በሰው ፊት ሊያሳፍር አይገባም።

አንድ ቀን ደግሞ መራመድ ፈጽሞ የማይቻልበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ጌታችን ለጴጥሮስ በሸመገለ ጊዜ እጁን እንደሚዘረጋና ሌላው እንደሚያስታጥቀው ነግሮታል (ዮሐ. 21፥18)። ለመታጠቅ የተዘረጋ እጅም እግዚአብሔርን ሊያከብር ይችላል። መሥራት የሚችል እጅ ይሥራ፤ መሥራት ያልቻለ እጅ ያለ ኀፍረት ይታጠቅ። የሁለቱም ዋጋ በሠሩት ላይ አልቆመም፤ በጥምቀት በተሰጣቸው ስም ላይ ቆሞአል እንጂ።

እንግዲህ ማኅበሮቻችን ምን ያድርጉ? የሚንቀጠቀጠውን ወይም የዘገየውን ሰው «እርጅና ነው» ብለን ሳንተው ወደ ሐኪም እንምራው። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በሰዓቱ ይውሰድ፤ ተሽሎኛል ብሎ ወይም ተጸልዮልኛል ብሎ ድንገት አያቋርጥ፤ ይህ ብርቱ አደጋ ያመጣልና። ልምምዱንም ሐኪሙን አማክሮ፥ መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት፥ እንደ አቅሙ ያድርገው። የሚራመደው በሰፊ እርምጃ፥ እጁን እያወዛወዘ ይሁን፤ ሲዞርም በአንድ እግሩ ከመሽከርከር ይልቅ ዙሪያውን ሰፋ አድርጎ ይዙር። ከመቀመጫ ሲነሣ አስቀድሞ ወደ ጠርዙ ይጠጋ፤ እግሩን ወደ ኋላ ይሳብ፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ይነሣ፤ ራሱን ቢያዞረው ጥቂት ቆሞ ይጠብቅ። መዝሙረ ዳዊትን በየቀኑ ጮክ ብሎ ቢያነብ ድምፁን ያለማምዳል።

ቤተ ሰብም ከዝቅተኛ በርጩማ ይልቅ ከፍ ያለ ወንበር ያዘጋጅለት፤ የሚያደናቅፈውን ምንጣፍ ያንሣ፤ በሌሊት መብራት አይጥፋበት፤ ሲራመድ ዕቃ አያሸክመው፤ በነገርም አያዋክበው። አትክልት መኮትኮት፥ ጥጥ መፍተል፥ እህል መልቀም ቢችል ይተውለት። ሊጠይቁት የሚመጡ የማኅበር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ብቻ አይሂዱ፤ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ሆነው እየዘመሩ እስከ መንገድ ድረስ አብረውት ይራመዱ። በጉባኤም ጊዜ ተሰጥቶት ምንባብ ያንብብ፤ ቢዘገይም ጉባኤው ይጠብቀው። ወደ ቅዱስ ቁርባን ሲቀርብም ጽዋው በእጁ ቢንቀጠቀጥ ማንም አይቸኩል፤ የሚያቀብለውም አገልጋይ እጁን ከእጁ በታች አድርጎ ይደግፈው። አሮንና ሖር ያደረጉት ይህን ነበርና።

ሰማያዊ አባት ሆይ፥ ሥጋችንን የሠራህ አንተ ነህ፤ ድካሙንም ታውቃለህ። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ፥ እግራቸው ለሚያዝ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የዕለቱን ኃይል ለዕለቱ ስጣቸው። ለእኛም የሚጠብቅ ትዕግሥት፥ የሚደግፍ እጅ ስጠን። የተዋረደውን ሥጋችንን የክብሩን ሥጋ እንዲመስል የሚለውጠው ልጅህ ኢየሱስ ክርስቶስ እስኪመጣ ድረስ፥ በተሰጠን ኃይል እንድናገለግልህ፥ ኃይል ባጣንም ጊዜ በጸጋህ እንድናርፍ አድርገን። አሜን።